ሟቹ እጅ ለመንሳት አይወጣም፦ ሙዚቃዊ ቴአትር ፊልም ሲሆን ምን ይለወጣል?

ሰው የሚበላ ተክል አለ። መጀመሪያ ላይ በቆርቆሮ የተተከለ ትንሽ ነገር ነው። ውሃ ቢያጠጡት፣ ፀሐይ ላይ ቢያወጡት ወይ ፍንክች። የሚፈልገው ደም ነው። ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ ሊዘጋ በደረሰ አበባ ቤት የሚሠራ ሲሞር የሚባል ዓይናፋር ልጅ ጣቱን እየወጋ ይመግበዋል። ተክሉ ሲያድግ ሱቁ ገበያ ይደራለታል፤ የሲሞርም ስም ይገናል። ችግሩ የጣት ደም አይበቃውም። አፍ ያወጣና ምግብ አምጣ ማለት ይጀምራል።

ይህ "ሊትል ሾፕ ኦፍ ሆረርስ" ነው። ሥሩ በ1960 ሮጀር ኮርማን በርካሽ የሠራው ፊልም ሲሆን፣ በ1982 ኒውዮርክ ውስጥ ሙዚቃዊ ቴአትር ሆኖ ለመድረክ በቃ። (ታሪኩ የዚያ አገር ስለሆነ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ድርሰቱንና ግጥሙን ሃዋርድ አሽማን፣ ዜማውን አለን ሜንከን ሠሩት። ሁለቱ ኋላ ለዲዝኒ "ዘ ሊትል መርሜይድ"ን እና "ቢዩቲ ኤንድ ዘ ቢስት"ን የሠሩት ናቸው።

መጨረሻው ጨለማ ነው። ተክሉ ሲሞር የሚወዳትን ኦድሪን ይበላል። ሲሞርንም ይበላል። ቅርንጫፉ እየተቆረጠ ይሸጥና አገር ምድሩን ያዳርሳል። ኦርፊየም በተባለው ቴአትር ቤት ደግሞ መጨረሻው ላይ ከጣሪያው ሐረጎች በተመልካቹ አናት ላይ ይወርዱ ነበር። ሰው ይጮኻል፣ ይስቃል፣ ጎረቤቱን ይይዛል። ቀጥሎ የተበሉት ሁሉ በደህና ወጥተው፣ ተሰልፈው እጅ ይነሳሉ። ጭብጨባው ይቀልጣል። ትርኢቱ በዚህ ሁኔታ አምስት ዓመት ቆየ።

በ1986 ፊልም ሆነ። ዳይሬክተሩ ፍራንክ ኦዝ ነው፤ በስታር ዋርስ ፊልሞች ውስጥ ዮዳ የተባለውን አሻንጉሊት ያንቀሳቀሰውና ድምፅ የሰጠው ሰው። ኦዝና አሽማን የመድረኩን መጨረሻ አንነካም አሉ። እንዲያውም አገዘፉት። ግዙፍ ተክሎች ኒውዮርክን ሲያፈራርሱ፣ የነፃነት ሐውልት ላይ ሲወጡ የሚያሳይ ረጅም ትዕይንት በትናንሽ የሕንፃ ሞዴሎች ተሠራ። ከጠቅላላው 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በጀት ውስጥ 5 ሚሊዮን ያህሉ እዚያ ላይ ፈሰሰ ይባላል።

ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ሳን ሆዜ ከተማ ውስጥ ለሙከራ ታየ። አሜሪካኖች ይህን ነገር ይወዱታል። ተመልካች በነፃ ይጠራና ካየ በኋላ ወረቀት ይሞላል። ያን ቀን ተመልካቹ ከዘፈን ዘፈን እያጨበጨበ ቆየ፤ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ኦድሪና ሲሞር ሲሞቱ ግን አዳራሹ በረዶ ሆነ። ኦዝ ኋላ እንደተናገረው፣ ፊልሙ እንዲወጣ 55 ከመቶ ያህሉ ተመልካች "ለሌላ ሰው እመክረዋለሁ" ማለት ነበረበት። ያገኙት 13 ከመቶ ነው። ሎስ አንጀለስ ላይ ደገሙት፤ ያው ሆነ። 5 ሚሊዮኑ ተቆርጦ ተጣለ፤ ሲሞር ተክሉን በኤሌክትሪክ ገድሎ ኦድሪን የሚያገባበት አዲስ መጨረሻ ተቀረጸ። የመጀመሪያው መጨረሻ ተጠግኖ ለገበያ የቀረበው በ2012 ነው።

ለምን? ታሪኩ ያው ነው። ዘፈኖቹ በአብዛኛው ያው ናቸው። ኦድሪን የተጫወተችው ኤለን ግሪን እንኳን መድረክ ላይ የነበረችው ራሷ ናት። የኦዝ መልስ ቀላል ነው፦ መድረክ ላይ ዋናዎቹን ብትገድል ወጥተው እጅ ይነሳሉ፤ ፊልም ላይ ግን አይወጡም፤ ሞተዋል፣ አለቀ።

ሙዚቃዊ ቴአትርን ወደ ፊልም ማምጣት ለምን ከባድ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም። ብዙ ሰው ለውጡ የቦታ ይመስለዋል፤ መድረክ ጠባብ ነው፣ ፊልም ተራራም ከተማም ያሳያል፣ ስለዚህ ፊልሙ ይሰፋል ብሎ ያስባል። የሚጎድለው ግን ቦታ አይደለም፤ ተመልካቹ ነው። መድረክ ላይ ተመልካቹ ከሥራው አንድ ክፍል ነው። ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ እያወቀ ይሞኛል፣ እረፍት ሲሆን ወጥቶ ቡና ይጠጣል። ድርሰቱ ይህንን ሁሉ ታሳቢ አድርጎ ነው የተጻፈው። ካሜራ ፊት ይህ ሰው የለም። ስለዚህ ፊልም ሠሪው ተመልካቹ ይሠራው የነበረውን ሥራ የሚሠራ ሌላ ነገር መፈለግ አለበት።

ትንሹን ነገር እንውሰድ፤ የዘፈን ማሳረጊያ። የመድረክ ዘፈን አጨራረሱን ልብ ብላችሁት ከሆነ፣ የመጨረሻው ድምፅ ይንጠለጠላል፣ እጅ ወደ ላይ ይወጣል፣ ኦርኬስትራው አንድ ጊዜ "ዷ!" ይልና መብራቱ ይቀየራል። ይህ አጨብጭቡ ማለት ነው። ተመልካቹ ሲያጨበጭብ ተዋናዩ ትንፋሽ ያገኛል፤ የዕቃ ለውጥም ካለ በዚያች ፋታ ያልቃል። ይህንኑ እንዳለ ፊልም ላይ አምጥቶ መለጠፍ ጣጣ አለው። ተዋናይዋ እጇን ዘርግታ ትቆማለች፤ የሚያጨበጭብ የለም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ዝምታ ያሳፍራል። ስለዚህ ጎበዝ ፊልም ሠሪዎች ማሳረጊያውን ይቆርጡታል ወይም ይሸፍኑታል፤ በር ይንኳኳል፣ ሰው ይገባል፣ የመጨረሻው ድምፅ ሳያልቅ ካሜራው ሌላ ቦታ ይሄዳል። ሙዚቃዊ ፊልም እያያችሁ ምክንያቱን ሳታውቁት የሆነ ቦታ ላይ ከደበራችሁ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያች ሦስት ሰከንድ ላይ ነው።

ከዚያ ትልቁ ጥያቄ ይመጣል፦ ሰውዬው ለምን ይዘፍናል?

መድረክ ላይ ይህን የሚጠይቅ የለም። ኦርኬስትራው ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ ተራራው ጨርቅ ላይ የተሳለ ነው፣ ሁሉም ሰው ጨዋታ መሆኑን ተስማምቶ ነው ትኬት የቆረጠው። ፊልም ግን እውነተኛ መንገድ፣ እውነተኛ ዝናብ፣ እውነተኛ ታክሲ ያሳያል። በዚያ መንገድ ላይ አንድ ሰው ድንገት ብድግ ብሎ ከማይታይ ኦርኬስትራ ጋር ሲዘፍን ተመልካቹ "ምን ነካው?" ይላል።

እኛ ጋ የህንድ ፊልም እያየ ያደገ ሰው በዚህ ይስቃል። ጀግናው አዲስ አበባ በሚያክል ከተማ ውስጥ እያለቀሰ ይጀምርና በረዶ የለበሰ ተራራ ላይ ሸሚዝ ቀይሮ ይጨርሳል፤ ማንም ለምን አላለም። ልማድ ነው እንግዲህ። የሆሊውድ ተመልካችም እስከ 1950ዎቹ ድረስ እንዲሁ ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ በኋላ ግን ፊልሙ ሁሉ እውነታ እውነታ ሲሸት፣ ልማዱ ተበላሸ። አንዴ ከተበላሸ ደግሞ ዳይሬክተሮች ለእያንዳንዱ ዘፈን ሰበብ መፈለግ ጀመሩ።

ከሰበቦቹ ሁሉ የማደንቀው የ1972ቱን "ካባሬ" ነው። መድረክ ላይ በ1966 የወጣ ሥራ ነው፤ ዜማው የጆን ካንደር፣ ግጥሙ የፍሬድ ኤብ። ታሪኩ ናዚዎች ሥልጣን ሊይዙ ሲሉ በርሊን ውስጥ ባለ አንድ የምሽት ክበብ ዙሪያ ነው። መድረክ ላይ ሁሉም ይዘፍን ነበር፤ አከራይዋ ሴትዮና ፍራፍሬ ነጋዴው ሽማግሌ እንኳን ሳሎን ተቀምጠው የፍቅር ዘፈን ነበራቸው። ዳይሬክተሩ ቦብ ፎሲ ይህን ሁሉ አወጣው። ደንቡን አንድ መስመር አደረገው፦ ክበቡ ውስጥ፣ መድረኩ ላይ ካልሆነ በቀር ማንም አይዘፍንም። ዘፋኟ ሥራዋ ዘፈን ነው፤ ፊት ለፊቷ ጠረጴዛ ይዞ ቢራ የሚጠጣ ተመልካች አለ፤ እሱ ያጨበጭባል። የጠፋው ተመልካች ፊልሙ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ ማለት ነው።

ከደንቡ ውጭ የሆነ አንድ ዘፈን ብቻ አለ። ፀሐያማ ቀን ነው፤ ከከተማ ወጣ ያለ የቢራ መጠጫ ቦታ። አንድ ጠጉረ ወርቃማ ልጅ በሚያምር ድምፅ ስለ ሜዳና ስለ ጫካ ይዘፍናል። ካሜራው ፊቱ ላይ ነው፤ መልአክ ይመስላል። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ታች ሲወርድ ክንዱ ላይ የናዚ ምልክት ይታያል። ከተቀመጡት አንዷ ትነሳና አብራው ትዘፍናለች። ሌላው ይነሳል። ቤተሰቡ፣ ወጣቱ፣ ሁሉም እየተነሳ ድምፁ ወደ ጩኸት ይቀየራል። አንድ ሽማግሌ ብቻ አልተነሳም፤ ቁጭ ብሎ በድካም ያያል። ሌላው ሁሉ በክበብ ተዘግቶ ቆይቶ ይህ ዘፈን ሜዳ ላይ ሲወጣ፣ ዘፈን ከሰው ወደ ሰው እንደ በሽታ ሲተላለፍ ታያላችሁ። ብዙ ሰው የእውነት የናዚ መዝሙር መስሎት ነበር። አይደለም፤ ሁለቱ ይሁዲ ደራሲዎች ለመድረኩ የጻፉት ነው። ፊልሙ ስምንት ኦስካር ወሰደ። ዋናውን ሽልማት ግን "ዘ ጎድፋዘር" ቀማው፤ መጥፎ ዓመት ነው የገጠመው።

የእነዚሁ የካንደርና የኤብ ሌላ ሥራ፣ በ1975 መድረክ ላይ የወጣው "ቺካጎ"፣ በ2002 ፊልም ሲሆን ዳይሬክተሩ ሮብ ማርሻል ሌላ ሰበብ ተጠቀመ። ሮክሲ የምትባል ሴት ፍቅረኛዋን ገድላ እስር ቤት ነች፤ ዝነኛ የመሆን ሕልም ናላዋን አዙሮታል። ስለዚህ ዘፈኖቹ ጭንቅላቷ ውስጥ ናቸው ተባለ። ጠበቃዋ ለጋዜጠኞች መግለጫ ሲሰጥ በአንድ ወገን እውነተኛው መግለጫ አለ፤ በሌላ ወገን በሕልሟ ሮክሲ የጠበቃው ጭን ላይ የተቀመጠች አሻንጉሊት ናት፤ አፏን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው፤ ጋዜጠኞቹም በክር ይጎተታሉ። አንዱ ሌላውን ያብራራል። ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር ወሰደ፤ ከ1968ቱ "ኦሊቨር" ወዲህ ይህን ያገኘ የመጀመሪያው ሙዚቃዊ ፊልም ነበር። የመድረኩም ገበያ አልተጎዳም። በኒውዮርኩ የቴአትር ሠፈር ብሮድዌይ ላይ በ1996 እንደገና የተከፈተው "ቺካጎ" ከፊልሙ በኋላም ዓመታትን ተሻግሯል።

እውነቱን ለመናገር ግን "በሕልሟ ነው" የሚለው ዘዴ ሲደጋገም ይሰለቻል። ዳይሬክተሩ በዘፈኑ የሚያፍር ይመስላል። ቺካጎ ላይ የሠራው ሮክሲ ራሷ በሕልም የምትኖር ሰው ስለሆነች ነው።

ወደ ድምፅ እንምጣ። እዚህ ላይ ነገሩ ትንሽ ቴክኒካል ይሆናል፤ ግን የሚያስደስት ቴክኒክ ነው።

በሙዚቃዊ ፊልም ተዋናይ ብዙ ጊዜ በፕሌይባክ ነው የሚሠራው። ዘፈኑ ቀድሞ ስቱዲዮ ይቀረጻል። ቀረጻ ቦታ ላይ ድምፁ ይለቀቅና ተዋናዩ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ስንፍና አይደለም። አንድ ዘፈን ከተለያየ አቅጣጫ ደጋግሞ ይቀረጻል፤ አንዳንዴ ቀናት ይወስዳል። ተዋናዩ በየጊዜው ላይቭ ቢዘፍን አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይዘገያል፣ አንዱ ድምፁ ከፍ ይላል፤ ኤዲተሩ የሰኞውን ከማክሰኞው ጋር መግጠም አይችልም። በፕሌይባክ ግን ድምፁ አንድ ነው፤ ምስሉን እንደፈለጉ መቆራረጥ ይቻላል።

ተክላችን ራሱ የዚህ ሰለባ ነበር። መድረክ ላይ ከፍ ዝቅ የሚል ትልቅ አፍ በቂ ነው፤ ድምፁ ከጀርባ ይመጣል፣ ማንም ከንፈር አይቆጥርም። ካሜራ ግን ይቆጥራል። የፊልሙ ተክል ከባድ አሻንጉሊት ነው፤ ትልቁ በርካታ ደርዘን ሰዎች በገመድና በመጎተቻ የሚያንቀሳቅሱት። ከንፈሩን በዘፈኑ ፍጥነት ማንቀሳቀስ አልቻሉም። መላው ምን ሆነ? ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ነው የሚቀረጸው፤ እነሱ በ12 ወይም በ16 ቀረጹትና በተለመደው ፍጥነት አሳዩት። ተክሉ ቀስ ብሎ ይዘፍናል፤ ስክሪን ላይ ይፈጥናል። ታዲያ ሲሞርን የሚጫወተው ሪክ ሞራኒስ ከተክሉ ጋር አንድ ምስል ውስጥ ሲገባ እሱም መንቀርፈፍ አለበት። በዝግታ እየተራመደ፣ በዝግታ ዓይኑን እያርገበገበ፣ በዝግታ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ተጫወተ። ፊልሙን ስታዩት ምንም አያስታውቅም።

ፕሌይባክ ሌላም በር ከፈተ፦ የሚዘፍነው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። በ1964ቱ "ማይ ፌር ሌዲ" ላይ ኦድሪ ሄፕበርን አፏን ትከፍታለች፤ አብዛኛውን የምትዘፍነው ግን ማርኒ ኒክሰን ናት። ይህችው ሴት በ1961ዱ "ዌስት ሳይድ ስቶሪ" ለናታሊ ውድ፣ ከዚያ በፊትም በ"ዘ ኪንግ ኤንድ አይ" ለዴቦራ ኬር ዘፍናለች። ስሟ ፊልሞቹ ላይ አልተጻፈም። ህንድ ውስጥ የዘፋኟን የላታ ማንጌሽካርን ድምፅ ለመስማት ሰው ሲኒማ ቤት ይጋፋ ነበር፤ ከንፈሯን የምታንቀሳቅሰው ተዋናይት ሌላ መሆኗን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አልተከፋም። ሆሊውድ ግን ደበቀው። "ማይ ፌር ሌዲ"ን መድረክ ላይ ያስነሳችው ጁሊ አንድሩስ ነበረች፤ ፊልሙ ላይ ስሟ አይታወቅም ተብላ ተዘለለች። ነገሩን የሚያስቀው፣ በዚያው ዓመት በ"ሜሪ ፖፒንስ" የኦስካር ምርጥ ተዋናይት ሆነች። ሄፕበርን አልታጨችም።

በዚያው በ"ማይ ፌር ሌዲ" ላይ ወንዱ መሪ ተዋናይ ሬክስ ሃሪሰን ፕሌይባክ አልሠራም ብሎ ድርቅ አለ። የሱ አዘፋፈን ግማሹ ንግግር ነው፤ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ብዬ አላውቅም፣ የራሴን ድምፅ እንዴት ልከተል አለ። ከክራቫቱ ሥር ገመድ አልባ ማይክሮፎን ተደበቀለትና ላይቭ ዘፈነ። ያኔ ይህ ብርቅ ነበር። የድምፅ ባለሙያው ጆርጅ ግሮቭስ ለፊልሙ ኦስካር ተሸለመ።

ከዚያ ወዲህ ላይቭን አገር ያወራለት "ሌ ሚዜራብል" ነው፤ 2012፣ ዳይሬክተሩ ቶም ሁፐር። መድረኩ ላይ ከንግግር ይልቅ ዘፈን የሚበዛበት ሥራ ነው። ተዋናዮቹ ጆሮአቸው ውስጥ ትንሽ ማዳመጫ ተደረገላቸው፤ ከካሜራው ውጭ የተቀመጠ ፒያኒስት ያጅባቸዋል። ዋናው ነገር እሱ እነሱን መከተሉ ነው። ተዋናይዋ ማልቀስ ፈልጋ ብትዘገይ ፒያኖው ይጠብቃታል። ኦርኬስትራው የተጨመረው ኋላ ነው፣ ድምፃቸውን ተከትሎ። ልብሳቸው ላይ የነበሩ ማይክሮፎኖች በኮምፒውተር ከምስሉ ላይ ተሰረዙ።

የዚህን ጥቅም ለማየት ፋንቲን የምትባለውን ድሃ ሠራተኛ ዘፈን ማየት ይበቃል። አን ሃታዌይ ጠጉሯ አጥሮ ተቆርጦ፣ ካሜራው ፊቷ ላይ ተተክሎ፣ ሳይቆረጥ ለደቂቃዎች ትዘፍናለች። መድረክ ላይ ይህ ዘፈን እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ መሰማት አለበት፤ ስለዚህ ያምራል፣ ይጎላል። እዚህ ግን የሚሰማው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ላለ ሰው ነው። ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ ግማሹን ታንሾካሹካለች። እንደ ዘፈን ካያችሁት ጉድለት አለው፤ ኮንሰርት ላይ ቢሆን አይወደድም። ኦስካሩን ግን አስገኝቶላታል። ሌላው ገጽታ ደግሞ አለ፤ ሁሉም ተዋናይ ሁሉንም ዘፈን እንዲህ በቅርብ ሲዘፍንባችሁ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ መቀመጥ ያደክማል። እኔ ደክሞኛል። መድረክ ላይ ዓይናችሁ ወደፈለገበት ይሄዳል፤ እዚህ ዳይሬክተሩ አንገታችሁን ይዞ አንድ ፊት ላይ ያስተክላችኋል።

ያው የፋንቲን ዘፈን ቦታውንም ቀይሯል። መድረክ ላይ ከሥራ እንደተባረረች ትዘፍነዋለች። ፊልሙ ወደ ኋላ ገፋው፤ ጠጉሯን፣ ጥርሷን፣ በመጨረሻም ገላዋን ከሸጠች በኋላ። ቃሉ አንድ ነው፤ ፊተኛው ስጋት ነበር፣ ኋለኛው ፍርስራሽ ሆነ። መድረክ ላይ እንዲህ ቢሆን ከባድ ነው፤ ልብስና ጠጉር ቀይሮ ለመምጣት ጊዜ ያስፈልጋልና።

ዘፈን ማዘዋወር እንግዲህ ፊልም ሠሪዎች የሚወዱት ሥራ ነው። "ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚውዚክ" በ1959 መድረክ ላይ ሲታይ፣ የምወዳቸውን ነገሮች እያሉ የሚቆጥሩበት ዘፈን ዋናዋ ገጸ ባሕሪ ማሪያ፣ ገዳም ውስጥ ከእመምኔቷ ጋር የምትዘፍነው ነበር። የፊልሙ ጸሐፊ ኧርነስት ሌማን በ1965ቱ ፊልም ላይ መብረቅ ወደሚጮኽበት ሌሊት ወሰደው፤ የምትንከባከባቸው ልጆች ፈርተው አልጋዋ ላይ ይወጣሉ፣ እሷም በዘፈን ታረጋጋቸዋለች። አሁን ዘፈኑ ሥራ አለው። የዜማ ትምህርቱ ዘፈን ደግሞ ከሳሎን ወጥቶ የኦስትሪያዋን ሳልዝበርግ ከተማ ዞረ፤ ተራራ ላይ ይጀምራል፣ በብስክሌት ያልፋል፣ ሚራቤል የአትክልት ሥፍራ ደረጃ ላይ ያልቃል። ሲጀምሩ መዝፈን የማያውቁ ልጆች ሲጨርሱ የመዘምራን ቡድን ሆነዋል።

ከሁሉ የሚያከራክረው ግን በእረፍቱ ምክንያት የሚመጣው ነው። "ዌስት ሳይድ ስቶሪ" መድረክ ላይ የመጀመሪያው ክፍል የሚያልቀው በሁለት የወጣት ቡድኖች ፀብ ሁለት ሬሳ ወድቆ ነው። መጋረጃ። ሰው ይወጣል፣ ያወራል፣ ይመለሳል። ሁለተኛው ክፍል ሲከፈት የዚህኛው ታሪክ ማሪያ ከሟቾቹ አንዱ ወንድሟ መሆኑን ሳትሰማ ቆንጆ ነኝ እያለች በደስታ ትዘፍናለች። እረፍቱ መሐል ላይ ስላለ ተመልካቹ ይችለዋል፤ እንዲያውም አንጀቱን ይበላዋል። ፊልም ላይስ? በ1961 የተሠራው ፊልም አይሆንም ብሎ ዘፈኑን ከፀቡ በፊት አመጣው። ስቲቨን ስፒልበርግ በ2021 መልሶ ከግድያው በኋላ አደረገው። ማሪያ በሌሊት የምታጸዳው ትልቅ ሱቅ ውስጥ፣ ከባለ ሀብት ልብሶች መሐል ትዘፍናለች፤ እኛ ግን ሬሳውን ገና አሁን ነው ያየነው። ለእኔ ስፒልበርግ ነው ልክ። ያማል፣ ግን መታመም ነበረበት።

"ዊክድ" እረፍቱን በሌላ መንገድ ፈታው። መድረኩ ላይ ከነእረፍቱ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ሥራ ነው። በ2024 የወጣው የመጀመሪያው ፊልም ብቻውን 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው፤ የሚያልቀውም መድረክ ላይ መጋረጃው የሚዘጋበት ቦታ ላይ። የ15 ደቂቃ እረፍት የአንድ ዓመት እረፍት ሆነ፤ ሁለተኛው በ2025 ኅዳር መጣ። ንግድ ነው፣ አዎ። ግን መጋረጃው የሚዘጋበት ያ ዘፈን ሲያልቅ ሌላ ነገር መጨመር እንደማይቻል ድርሰቱን የሚያውቅ ሁሉ ያምናል።

አልሆን ያለውን ካላነሳን ወሬው ጎደሎ ነው፤ "ካትስ"። ለንደን ላይ በ1981 ተከፍቶ ዓለምን ያዳረሰ ሥራ ነው። ሰዎች ጠባብ ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ተቀብተው ድመት ነን ይላሉ። ተመልካቹም እሺ፣ ድመት ናችሁ ይላል። ሰው መሆናቸውን እያየ ድመት ማለቱ ነው ጨዋታው። በ2019 ያው ቶም ሁፐር ፊልም ሲያደርገው ተዋናዮቹ ላይ በኮምፒውተር የድመት ፀጉር፣ ጆሮና ጭራ አበቀለባቸው። ሥራው ለተመልካቹ ምናብ የተወውን ክፍት ቦታ ሞላበት። የቀረው ሰውም ድመትም ያልሆነ ፍጥረት ነው፤ ሰው ደነገጠ። ፊልሙ ሲኒማ ቤት ከገባ በኋላ እንኳን ስቱዲዮው የተስተካከለ ቅጂ ልኮ ነበር። አልዳነም።

እነዚህ ሁሉ ተመልካቹ በሌለበት እሱን ለመተካት የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው። "ሃሚልተን" ሌላ መንገድ መረጠ፤ ተመልካቹን ይዞ መጣ። በሰኔ 2016 ኒውዮርክ ሪቻርድ ሮጀርስ ቴአትር ውስጥ ሰው ሞልቶ ሳለ ሁለት ትርኢት ተቀረጸ፤ ለቅርብ ምስሎቹ ደግሞ አዳራሹ ባዶ ሲሆን ካሜራ መድረኩ ላይ ወጣ። ከዚያ ሁለቱ ተገጣጠሙ። ሳቁም ጭብጨባውም አለ። ዲዝኒ 75 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደከፈለበት ተዘግቧል፤ ሐምሌ 3 ቀን 2020፣ ቴአትር ቤቶች ሁሉ በኮሮና ተዘግተው ሳለ በኢንተርኔት ለቀቀው።

ታዲያ ፊልም ነው ወይስ ቴአትር? ሸላሚዎቹም አልተስማሙም። የኦስካር ደንብ የተቀረጸ የመድረክ ትርኢትን አይቀበልም፤ ስለዚህ ለውድድር እንኳን አልቀረበም። ጎልደን ግሎብ በበኩሉ በዚያው ወቅት በምርጥ ሙዚቃዊ ወይም ኮሜዲ ፊልም ዘርፍ አጨው፤ በሁለተኛው የ"ቦራት" ኮሜዲ ፊልም ተሸነፈ።